ምድጃው ያለ ግድግዳ አልገባም አለ

ጠጋ በሉ፣ ጠጋ። ይህ ተረት የሚነገረው ለበረደው ሰው ነው። ያልበረደውም ሲሰማው መብረዱ አይቀርምና እርሱም ጠጋ ይበል።

ውርጭ ሜዳ በምትባል የደጋ ከተማ ጋሽ ማናዬ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የውርጭ ሜዳን ብርድ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ኅዳር ሲገባ ሣሩ ነጭ ለብሶ ያድራል። በባልዲ ያደረ ውኃ ጠዋት በጡጫ ካልተመታ አይቀዳም። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው ጤና ሲጠያየቁ፣ ከሩቅ ላያቸው ሲጋራ የሚያጨሱ ይመስላሉ።

የጋሽ ማናዬ ቤት የጭቃ ቤት ነው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ ይመርጉት ነበር። እርሳቸው ካረፉ ወዲህ ግን ግድግዳውን የነካው የለም። ተሰነጣጠቀና ነፋሱ እንደ ቅርብ ዘመድ ሳያንኳኳ ይገባ ጀመር። ጋሽ ማናዬ ስንጥቁን በልብስ ቁርጥራጭ ወተፉት። አንዱ ጋ ሰማያዊ ካኪ፣ አንዱ ጋ የተማሪ ዩኒፎርም፣ አንዱ ጋ ከሙሽራ ቀሚስ የተረፈ ነጭ ጨርቅ። ቤቱ ከውስጥ ሲታይ የተጣፈ ሱሪ መሰለ፤ ነፋሱ ግን በጨርቅ አይመለስም። እንጨቱ ተወደደ፣ ኩበቱም ተወደደ። ባለፈው ዓመት ብርዱ ሲጠናባቸው ሁለቱን ወንበሮቻቸውን ፈልጠው አነደዱ፤ ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ የሚቀመጠው አልጋ ላይ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ የጉልቻው እሳት ነበር። ጭሱ ቤት ውስጥ ይቀራል፣ ሙቀቱ በስንጥቁ ይወጣል።

ለራሳቸው ቢሆን ግድ አልነበራቸውም። ነገር ግን ቆላ ያገባችው ልጃቸው ትርንጎ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገባ። በአገሩ ልማድ ደግሞ የበኩር ልጅ እናት የምትታረሰው በወላጆቿ ቤት ነው። አንድ ቀን ስልክ ደወለች።

«አባዬ፣ ለመውለድ እዚያው ጤና ጣቢያ እመጣለሁ። ከዚያ ቤታችን እታረሳለሁ። ቤቱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ብርዱስ?»

«ብርዱም ደህና ነው» አሉ ጋሽ ማናዬ። ስልኩን ዘግተው ግድግዳውን አዩት፤ ሰማያዊው ካኪ በነፋስ ይርገበገባል። ጨቅላ ልጅ በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሌሊት ቢያድር ጠዋት ምን እንደሚሆን ሊያስቡ ጀመሩና ተዉት።

እንግዲህ የጋሽ ማናዬ ፍላጎት ይህችው ናት፤ አራስና ጨቅላ የሚያሳርፍ ሙቅ ቤት። ሌላ ነገር አልፈለጉም።

በዚያው ሰሞን በገበያ ቀን ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰው፣ «ጭስ መውጫ ያለው፣ በትንሽ ማገዶ ብዙ የሚያሞቅ ምድጃ መጥቷል፤ ወጪውን መንግሥት ችሎታል፤ የፈለገ ኢነርጂ ቢሮ ይምጣ» እያለ ሲዞር ሰሙ። መርፌያቸውን ደረታቸው ላይ ሰክተው ሄዱ።

ቢሮ ውስጥ ያገኟት ባለሙያዋን ወይዘሪት ሕብስትን ነው። ሕብስት የቆላ ልጅ ናት። ሁለት ሹራብ ደርባ፣ አንገቷን በሻርፕ ጠምጥማ፣ ከሻርፑ በላይ ዓይኗ ብቻ ይታያል። ነገሩን ሰምታ ቤቱን ልታይ አብራቸው መጣች። ገብታ ዙሪያውን ተመለከተችና ክብሪት ጫረች። እሳቱን ወደ ግድግዳው አስጠጋችው። እሳቱ ወደ ጎን ተኛና ጠፋ። ሌላ ጫረች፤ እሱም ተኛና ጠፋ።

«አባባ፣ ምድጃው አለ። ከእርስዎ የሚጠበቀው ቤት ብቻ ነው» አለች።

«ቤትማ ይኸው።»

«ይሄ ጣሪያ ነው። ግድግዳ የለዎትም። ምድጃውን እዚህ ባስገባው የሚሞቀው ሜዳው ነው፤ መንግሥት ደግሞ ለሜዳ ምድጃ አይሰጥም። መጀመሪያ ግድግዳውን ያስመርጉ፣ ከዚያ ይጥሩኝ። በዚያው ቀን አስገባለሁ።»

ጋሽ ማናዬ ነገርን በቅደም ተከተል የሚይዙ ሰው ናቸው። እየሄዱ ለራሳቸው እንዲህ አሉ፦ ምድጃው ያለ ግድግዳ አልገባም አለ፤ ቤቱ ያለ ምድጃ አልሞቅም አለ፤ አራሷስ ያለ ሙቅ ቤት የት ትረፍ?

ወደ መራጊዋ ወደ እትዬ ደብሬ ሄዱ። እትዬ ደብሬ የሟች ባለቤታቸው ባልንጀራ ነበሩ፤ በከተማው ውስጥ የእርሳቸው እጅ ያልነካው ግድግዳ ጥቂት ነው፤ ምላሳቸው ያልነካው ሰውም እንደዚሁ።

«ደብሬ፣ ግድግዳዬን መርጊልኝ» አሏቸው።

«ማናዬ፣ በመጨረሻ ጨርቅህ አለቀ?»

«አትቀልጂ፤ ምድጃው ያለ ግድግዳ አልገባም አለ፤ ቤቱ ያለ ምድጃ አልሞቅም አለ፤ ትርንጎ ደግሞ ልትመጣ ነው።»

የትርንጎ ስም ሲነሳ እትዬ ደብሬ መቀለዱን ተዉት። «እመርጋለሁ። ለእሷ ስል በነፃ እመርጋለሁ። አፈሩ ከጓሮህ አለ፣ ውኃውም አለ። ጭዱስ የታለ?»

«ያለ ጭድ አይሆንም?»

«ያለ ጭድ የቦካ ጭቃ እንደ ወሬ ነው፤ እርጥብ ሳለ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይረግፋል። ጭድ አምጣና በማግስቱ እግሬ ጭቃው ውስጥ ነው።»

ጋሽ ማናዬ ወጡ። ጭቃው ያለ ጭድ አልቦካም አለ፤ ግድግዳው ያለ ጭቃ አልደፈንም አለ፤ ምድጃው ያለ ግድግዳ አልገባም አለ፤ ቤቱ ያለ ምድጃ አልሞቅም አለ፤ አራሷስ ያለ ሙቅ ቤት የት ትረፍ?

በሠፈሩ ጭድ ያለው አቶ ቢሻው ብቻ ነበር። ከቆላ አስጭኖ ያመጣው የጤፍ ጭድ በጓሮው ተከምሯል። ከክምሩ አጠገብ አንዲት ዳልቻ ላም ታስራ ታመሰኳለች። አቶ ቢሻው ሚስት የለውም፤ የሚያማክረው ላሟን ነው እየተባለ ይታማል።

«ቢሻው፣ ትንሽ ጭድ ፈልጌ ነበር።»

«ለምን ይሆን ጋሽ ማናዬ?»

ጋሽ ማናዬ አንዱንም ሳይዘሉ ነገሩት። «ጭቃው ያለ ጭድ አልቦካም አለ፤ ግድግዳው ያለ ጭቃ አልደፈንም አለ፤ ምድጃው ያለ ግድግዳ አልገባም አለ፤ ቤቱ ያለ ምድጃ አልሞቅም አለ፤ አራሷም ያለ ሙቅ ቤት ማረፊያ የላትም።»

አቶ ቢሻው ራሱን አከከ። «እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል። ግን ጭዱ የእኔ አይደለም፤ የእሷ ነው። ሜዳው እስኪከፈት ሌላ ቀለብ የላትም። ከአፏ ነጥቄ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው? እስቲ ራሷን ይጠይቋት።»

ጋሽ ማናዬ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልገባቸውም። ቢሆንም የሚጠየቅ ነገር ሳይጠየቅ ከሚቀር ብለው ወደ ላሚቱ ዞሩና፣ «ጭድሽን ትሰጪኛለሽ?» አሏት። ላሚቱ ጆሮዋን አራገፈች።

«አዩዋት?» አለ አቶ ቢሻው። «እንደማውቃት ከሆነ በጭዱ ምትክ ሣር ቢመጣላት አትቃወምም። እርጥብ ሣር ካየች ስንት ጊዜዋ። አንድ ሸክም ሣር ያምጡ፣ ጭዱን ራሴ ተሸክሜ አደርስልዎታለሁ።»

ተመለሱ። ላሚቱ ያለ ሣር ጭዴን አልለቅም አለች፤ ጭቃው ያለ ጭድ አልቦካም አለ፤ ግድግዳው ያለ ጭቃ አልደፈንም አለ፤ ምድጃው ያለ ግድግዳ አልገባም አለ፤ ቤቱ ያለ ምድጃ አልሞቅም አለ፤ አራሷስ ያለ ሙቅ ቤት የት ትረፍ?

ሣር በውርጭ ሜዳ ሞልቷል፤ የሚታጨድ ግን የለም። ከከተማው በላይ ያለው ሜዳ የጋራ ነው። ሣሩ እንዲያገግም ይከለላል፤ የሚከፈተው የሜዳው ዳኛ «ይከፈት» ሲሉ ብቻ ነው። የዚያን ዘመን ዳኛ አባ ሞላ ነበሩ። ጋሽ ማናዬ ሲደርሱ አባ ሞላ ከአጥር ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አባ ሞላ፣ አንድ ሸክም ሣር እንድትፈቅዱልኝ ነው የመጣሁት።»

«ሜዳው እኮ ዝግ ነው ማናዬ።»

«አውቃለሁ። ግን ልጄ ልትወልድ ነው።»

አባ ሞላ ቀና አሉ። ሜዳው ዝግ ቢሆንም ለአራስ ቤት ጉዝጓዝ አንድ ሸክም ማጨድ ከጥንትም የተፈቀደ ነው። «ታዲያ እንዲህ አትልም? ለጉዝጓዝ ከሆነ ተፈቅዶልሃል።»

ጋሽ ማናዬ እዚህ ላይ ዝም ብለው ቢመለሱ ነገሩ አልቆ ነበር። ግን ሆዳቸው እምቢ አላቸው። ጥቂት ከራመዱ በኋላ ተመለሱ። «አባ ሞላ፣ እውነቱን ለመናገር ሣሩ ለጉዝጓዝ አይደለም፤ ለቢሻው ላም ነው።»

«ለላም!»

«አዎ። ላሚቱ ያለ ሣር ጭዴን አልለቅም አለች፤ ጭቃው ያለ ጭድ አልቦካም አለ፤ ግድግዳው ያለ ጭቃ አልደፈንም አለ፤ ምድጃው ያለ ግድግዳ አልገባም አለ፤ ቤቱ ያለ ምድጃ አልሞቅም አለ፤ አራሷም...»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ አባ ሞላ ዓይናቸውን ጨፍነው። ፍርድ ሲሰጡ እንደዚህ ነበሩ። በጣታቸው እየቆጠሩ ከላሟ ጀመሩ፣ በጭዱ አለፉ፣ ግድግዳውን ተሻገሩ፣ ምድጃው ጋ ትንሽ ቆሙ። «ሣሩ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው አራሷ ጋ ከሆነ ለአራሷ ነው። ተፈቅዷል። አንድ ነገር ግን አለ። ጠባቂው ቆሞ ካላየ በሜዳው ላይ ማጭድ አይነሣም። እኔ ራሴ ብሆን አላነሣም። ጠባቂውን ጥጋቡን ከንፋስ በር አስወርደውና እጨድ።»

ሣሩ ያለ ጠባቂ አልታጨድም አለ፤ ላሚቱ ያለ ሣር ጭዴን አልለቅም አለች፤ ጭቃው ያለ ጭድ አልቦካም አለ፤ ግድግዳው ያለ ጭቃ አልደፈንም አለ፤ ምድጃው ያለ ግድግዳ አልገባም አለ፤ ቤቱ ያለ ምድጃ አልሞቅም አለ፤ አራሷስ ያለ ሙቅ ቤት የት ትረፍ? ጋሽ ማናዬ ይህን እያሉ ዳገቱን ወጡ። ዳገቱ ረጅም ነበር፤ ደግነቱ ተረቱም ረዝሟል።

ንፋስ በር በሁለት ተራራዎች መካከል ያለ ማለፊያ ነው። ነፋሱ ከወዲያ ማዶ ተጠራቅሞ በዚያች በር ይገባል። ጠባቂው ጥጋቡ ድንጋይ ተከልሎ ቆሟል። የለበሰው ብዛት ከሩቅ ሰው ይሁን የእህል ጎተራ አያስለይም። ከማለፊያው ወዲያ የሌላ ወረዳ ከብቶች ሣሩን እያዩ ቆመዋል።

«ጥጋቡ፣ ትወርድልኛለህ?»

«ጋሽ ማናዬ! ምን እግር ጣለዎት እዚህ?»

«ሣሩ ያለ ጠባቂ አልታጨድም አለ፤ ላሚቱ ያለ ሣር...» ጋሽ ማናዬ ትንፋሻቸው ተቆረጠ። «...የቀረውን ስንወርድ እነግርሃለሁ።»

«አልወርድም እኮ። እነዚያን ከብቶች አይተዋቸዋል? ከጠዋት ጀምሮ እኔን ነው የሚያዩኝ። ጀርባዬን ባዞር ሜዳው በአንድ ቀን ምላስ ያህል አይቀረውም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሰው ይተካልኝ። ሰው ከቆመልኝ አሁኑኑ እወርዳለሁ። መውረዱን ጠልቼ አይደለም፤ እግሬን ካጣሁት ቆይቻለሁ።»

«ማን ይተካህ?»

«ማንም ይሁን። ሰው ይሁን እንጂ።»

ጋሽ ማናዬ ዳገቱን ወረዱ። ተተኪ ፍለጋ ወደ ከተማው ገቡ። ፑል ቤት በር ላይ ከቆሙት ጎረምሶች አንዱን ጠየቁ።

«ንፋስ በር?» አለ ጎረምሳው። «ጋሼ፣ እዚያ እኮ አሞራ እንኳ ካፖርት ለብሶ ነው የሚወጣው።» ጓደኞቹ ሳቁ። ቢሆንም ጎረምሳው ክፉ ልጅ አልነበረምና፣ «ባለባጃጁን ይጠይቁት፤ እሱ ጉልበቱ የጎማ ነው» ብሎ ጠቆማቸው።

ባለባጃጁ ባጃጇን በጨርቅ እየወለወለ ሰማቸው። «እሄድልዎት ነበር ጋሼ። ግን ባጃጇን ትቼ በእግሬ አልወጣም፤ እሷ ደግሞ ያለ መንገድ አትወጣም።»

«መንገዱስ?»

«መንገዱ በጀት ይፈልጋል።»

«በጀቱስ?»

«እሱን እንግዲህ ምክር ቤቱን ይጠይቁ። እዚያው ወረዳ ነው፤ ከኢነርጂ ቢሮው ቀጥሎ ያለው በር።»

ጋሽ ማናዬ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከየት እንደ ተነሡና የት እንደ ደረሱ ለማወቅ ጣታቸውን ዘረጉ። መንገዱ ያለ በጀት አልሠራም አለ፤ ባጃጇ ያለ መንገድ አልወጣም አለች፤ ባለባጃጁ ያለ ባጃጅ አልተካም አለ፤ ጠባቂው ያለ ተተኪ አልወርድም አለ፤ ሣሩ ያለ ጠባቂ አልታጨድም አለ፤ ላሚቱ ያለ ሣር ጭዴን አልለቅም አለች፤ ጭቃው ያለ ጭድ አልቦካም አለ፤ ግድግዳው ያለ ጭቃ አልደፈንም አለ፤ ምድጃው ያለ ግድግዳ አልገባም አለ፤ ቤቱ ያለ ምድጃ አልሞቅም አለ፤ አራሷስ... ጣታቸው አለቀ። ትርንጎ ወልዳ፣ ልጇ ድክ ድክ ብሎ፣ ምናልባትም ትምህርት ቤት ገብቶ፣ በጀቱ ግን ገና ሲጸድቅ ታያቸው።

የሳቱት ነገር እንዳለ ጠረጠሩ። ልብስ ሰፊ ልኬቱ አልገጥም ሲለው ወደ መጀመሪያው ጨርቅ ተመልሶ ይለካል። እርሳቸውም እንደገና አንድ በአንድ ጀመሩ። ባለሙያዋ ግድግዳ አለች፤ ልክ ናት። ደብሬ ጭድ አለች፤ ልክ ናት። ቢሻው ሣር አለ፤ ላም ናትና ልክ ነው። አባ ሞላ ጠባቂ አሉ፤ ሕጉ ነው። ጥጋቡ ሰው አለ። ሰው። እዚህ ላይ ቆሙ። ጥጋቡ ጎረምሳ አላለም። ባለባጃጅ አላለም።

«እኔስ ሰው አይደለሁም?» አሉ ጮክ ብለው።

በመንገዱ የምታልፍ ሴት ደንግጣ፣ «ማን አይደሉም አለዎት?» አለቻቸው።

እውነቱን ለመናገር ማንም አላለም፤ ማንም ግን «አንተ ቁም» ብሎ አያውቅም። በውርጭ ሜዳ ሽማግሌን ለብርድ የሚልክ ሰው የለም፤ ይህ ነውር ነው። ሽማግሌውም ከዘመን ብዛት «እኔ ልሂድ» የሚለውን ቃል ይረሳዋል። ይጠይቃል፣ ይልካል፣ ይመርቃል። ለዚህ ነው ጋሽ ማናዬ ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው፣ ከጥጋቡ ፊት ቆመው፣ ተተኪ ፍለጋ መልሰው የወረዱት።

በማግስቱ ማለዳ ካፖርታቸውን ደርበው ንፋስ በር ተገኙ። ጥጋቡ ሲያያቸው ከኋላቸው ሰው ፈለገ።

«ተተኪው የታለ?»

«ይኸው።»

«ኧረ አይሆንም ጋሽ ማናዬ። እርስዎን በዚህ ብርድ አቁሜ ወርጄ ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰው የሚለውን እኔ እመልሳለሁ። አንተ ሣሩ ሲታጨድ ቆመህ እይ። ቢሻውን ትናንት ማታ ነግሬዋለሁ፤ በሜዳው ግርጌ ማጭዱን ይዞ ይጠብቅሃል።»

«ቢያምዎትስ?»

«የሚያሳምመኝስ እንዲያውም ቤቴ ነው። ሂድ አልኩህ።»

ጥጋቡ የራሱን ኮፍያ አውልቆ አጠለቀላቸው። ጥቂት ሄዶ ተመለከታቸው፤ ጥቂት ሄዶ እንደገና ተመለከታቸው፤ ከዚያ ወረደ።

ነፋሱ መጣ። ጋሽ ማናዬ እንዲህ ያለ ነፋስ ቤታቸው ውስጥ እንጂ ሜዳ ላይ ያለ አይመስላቸውም ነበር። በልብሳቸው እጅጌ ገብቶ በአንገታቸው ወጣ። ጥጋቡ ሲሄድ ያዩት የማዶ ከብቶች አዲሱን ጠባቂ ናቁት መሰለኝ፣ መጠጋት ጀመሩ። ከፊት አንድ ቀይ በሬ ይመራል። ጋሽ ማናዬ ዱላ አልያዙም። ጩኸት መጮኽም አያውቁም። እጃቸውን ዘርግተው በማለፊያው መካከል ቆሙና የሚያውቁትን ብቻ ተናገሩ።

«አታልፍም! ጠባቂው ያለ ተተኪ አልወርድም ብሏል፤ ሣሩ ያለ ጠባቂ አልታጨድም ብሏል፤ ላሚቱ ያለ ሣር ጭዴን አልለቅም ብላለች፤ ጭቃው ያለ ጭድ፣ ግድግዳው ያለ ጭቃ፣ ምድጃው ያለ ግድግዳ፣ ቤቱ ያለ ምድጃ! አንተ ካለፍክ ልጄ የት ትረፍ?»

በሬው ቆመ። እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር ሰምቶ አያውቅም ይሆናል። ጥቂት አሰበና ፊቱን አዞረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በቀኑ ውስጥ ደጋግመው መጡ። ጋሽ ማናዬም ደጋግመው ነገሯቸው። ወደ ማምሻው ከንፈራቸው አልንቀሳቀስ ቢላቸውም እጃቸውን ከመዘርጋት አልቦዘኑም።

እርሳቸው ላይ ቆመው ሳሉ ታች ነገሩ ይፈታ ነበር። ተተኪው ቢቆም ጠባቂው ወረደ። ጠባቂው ቢወርድ ሣሩ ታጨደ። ሣሩ ቢታጨድ ላሚቱ በላች። ላሚቱ ብትበላ ጭዱን ለቀቀች፤ አቶ ቢሻውም በቃሉ መሠረት ተሸክሞ አደረሰ፤ ጋሽ ማናዬ የት እንደ ዋሉ ሲሰማ ደግሞ ሁለተኛ ሸክም ጨመረ። ጥጋቡ እየሮጠ ዳገቱን ሲመለስ ጋሽ ማናዬን የደገፈ ሌላ ሰው አገኘ። ያ የፑል ቤት ጎረምሳ ነበር። ወሬውን ሰምቶ አፍሮ ካፖርት ተውሶ ወጥቷል።

«ጋሼ፣ ቢነግሩኝ ኖሮ...» አለ።

«ነግሬህ ነበር» አሉ ጋሽ ማናዬ። ከዚያ በላይ አልተናገሩትም፤ ክንዱን ይዘው ወረዱ።

ጭዱ ስለ መጣ ጭቃው ቦካ። እትዬ ደብሬ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ረገጡት፤ እስኪበስል ተዉት፤ እንደገና ረገጡት። ግድግዳውን ከመምረጋቸው በፊት የጨርቁን ውታፍ አንድ በአንድ እየነቀሉ፣ «ይኼ የማን ሱሪ ነው? ይኼስ የየትኛዋ ሙሽራ?» እያሉ ጋሽ ማናዬን አሳቋቸው። ጋሽ ማናዬ በብርዱ ምክንያት ጉሮሯቸው ተዘግቶ ነበር፤ የሳቁት በትከሻቸው ነው። ጭቃው ስለ ቦካ ግድግዳው ተደፈነ። የኅዳር ፀሐይ ቀን ቀን ደግ ናት፤ አደረቀችው።

ግድግዳው ስለ ተደፈነ ምድጃው ገባ። ሕብስት ባለችው መሠረት በተጠራችበት ቀን መጣች። ምድጃውን በቦታው አስቀምጣ፣ ቧንቧውን በጣሪያው አስወጥታ፣ እንዴት እንደሚነድ አሳየች። «እንጨቱን እንዲህ አድርቀው፣ እንዲህ አሳጥረው ያንድዱ። በፊት በአንድ ቀን ያነዱት የነበረው አሁን ይቆይልዎታል። በሩ ሥር ደግሞ ይህችን ማቅ ጠቅልለው ያድርጉ።» እሳቱ ተያያዘ። ጭሱ በቧንቧው ወጣ፤ ሙቀቱ ቤት ውስጥ ቀረ። ሕብስት ለመሄድ ተነሥታ ነበር፤ ግን አልሄደችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሻርፑን ፈታች። ቀጥሎ አንዱን ሹራብ አወለቀች። ጋሽ ማናዬ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ፊቷን አዩት።

«ልጅ እግር ነሽ ለካ» አሏት።

«እዚህ ከተማ ከመጣሁ ፊቴን ያየው መስታወት ብቻ ነው አባባ» አለች።

ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ላይ ግድግዳ የሚመርግ በዛ። እትዬ ደብሬ እግራቸው ከጭቃ አልወጣም። አንዱ ለአንዱ ይቆማል፣ ያኛው ለዚያኛው ጭድ ይሸከማል፤ ሕብስትም ከቤት ቤት ክብሪቷን እየጫረች ትዞራለች።

ምድጃው ስለ ገባ ቤቱ ሞቀ። ቤቱ ስለ ሞቀ አራሷ መጣች። ትርንጎ ጤና ጣቢያ በሰላም ተገላግላ፣ ሴት ልጇን በፎጣና በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ እትዬ ደብሬ ክንዷን ይዘዋት ገባች። ጋሽ ማናዬ ከኋላዋ ተንደርድረው በሩን ዘጉ። ማቁን በሩ ሥር ጠቀጠቁ። መስኮቱን ነካ ነካ አደረጉ። ምድጃው ላይ እንጨት ጨመሩ፤ ጥቂት አሰቡና ሌላ ጨመሩ።

ትርንጎ አልጋው ላይ ጋደም አለች። ሕፃኗ እጇን ከፎጣው አውጥታ ዘረጋች። እጇ ቀይና ሙቅ ነበር።

«አባዬ» አለች ትርንጎ።

«አቤት ልጄ። በረደሽ?»

«አይ። ሞቀን። በሩን ትንሽ ገርበብ አድርገው።»

ጋሽ ማናዬ በሩን አዩት። ከዚያ ልጃቸውን፣ ከዚያ እትዬ ደብሬን። እትዬ ደብሬ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«ላንቺ ሲባል» አሉ ጋሽ ማናዬ፤ ሄደውም በሩን በጣት ስፋት ከፈቱት።

ተረቴ ከእኔ ወጣ፣ ከእናንተ ገባ፤ እንዳይበርደው ያዙት።